ምክንያት የማይጠየቅበት ኑሮ

ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ስለ ጊዜ የሚናገር መልስ ነው። ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ማለት አንድ ሰው በሰው አገር ለተወሰነ ሥራና ለተወሰነ ዘመን እንዲቆይ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ይህ ገደብ ሲነሣለትና ለቆይታው ማብቂያ ሳይቆረጥለት ሲቀር የሚያገኘው መብት ነው። በዚህ አገላለጽ የመጀመሪያው አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርም ከአጭር ቆይታ ወደ ረጅም ቆይታ ማለፍ ይሆናል። መልሱ ለቢሮ ሥራ ይበቃ ይሆናል፤ ለሐሳብ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ዕድሜያቸውን በጊዜያዊነት የፈጁና አንድ ቀን እንኳ ሳይኖሩ ቋሚ የሆኑ ሰዎች በአንድ ዘመን፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ። ቋሚነት የጊዜ ርዝመት ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ ቀርቦ የሚታየውም በጅቡቲ ከተማ፣ በቁጥር ከሚጠሩት አሮጌ ሰፈሮች አንዱ በሆነው በካርቲየ 6 ነው።

ካርቲየ በፈረንሳይኛ ሰፈር ማለት ሲሆን በጅቡቲ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቃሉን እንደ ራሳቸው አድርገው ይናገሩታል። ከተማዋ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ስትቆረቆር የአስተዳደሩና የነጋዴው ክፍል የራሱ ስሞች ነበሩት፤ ዛሬ የነጻነትን ቀን፣ ጁን 27 ቀን 1977ን የያዘው አደባባይ እንኳ ያኔ በዳግማዊ ምኒልክ ስም ይጠራ ነበር። ለአገሬው ሰውና በወደብና በባቡር ሥራ ተስቦ ለመጣው የተተወው ክፍል ግን በቁጥር ተሰየመ፤ ቁጥሩም ስም ሆኖ ቀረ። በነዚህ አሮጌ ካርቲየዎች ብዙው ቤት በእንጨት ምሰሶ ላይ ጣውላና ቆርቆሮ ተመትቶበት የተሠራ ነው። ይህ የድህነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ብዙው ነዋሪ የሚይዘው ወረቀት ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ፣ ማለትም በቦታው ለመቀመጥ እንጂ የቦታው ባለቤት ለመሆን የማያበቃ ፈቃድ በመሆኑ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት የጸና ማስረጃ ላለው ሰው የተተወ ነበር። እንዲህ ሆኖ ጣውላው ሲበሰብስ በጣውላ፣ ቆርቆሮው በባሕር ጨው ሲበላ በቆርቆሮ እየተተካ፣ ልጅና የልጅ ልጅ የተወለዱበት ቤት በሕግ ዓይን ለጊዜው የቆመ ቤት ሆኖ ይኖራል። በዚያ ቤት አንዲት ክፍል የምትከራይ ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ሴዡር የሚሉትን የመኖሪያ ካርድ ይዛ ወይም ሳትይዝ ስትኖር፣ የአከራዩ ቤትም የተከራይዋ ቆይታም በአንድ ቃል ይገለጻሉ፤ ሁለቱም ለጊዜው ናቸው፣ ሁለቱም ግን አሉ። ስለ ቋሚነት ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚነሣው ከእድሳት ነው። የጥንት ግሪኮች አንድ ታዋቂ እንቆቅልሽ ነበራቸው፤ ወደ አውድማ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ አንዲት የጤፍ ፍሬ ቁልል አትባልም፣ ሁለተኛ ብትጨመርባትም ቁልል አይሆንም፤ እንግዲያውስ ቁልል ያልነበረውን ቁልል የምታደርገው ፍሬ የትኛዋ ናት? ካርዱን አንድ ጊዜ ያሳደሰ ሰው ቋሚ ነዋሪ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ያሳደሰም አይደለም፤ ሃያ ጊዜ ያሳደሰ ሰው ግን ጊዜያዊ ነው ማለት ለሰሚው ጆሮ ይጎረብጣል። ይሁን እንጂ እንቆቅልሹ በደንብ ሲመረመር ከጤፉ ጋር የማይስማማበት ነጥብ አለው። በአውድማ ላይ ሁለተኛዋ ፍሬ የመጀመሪያዋን አታጠፋትም፤ ከላይዋ ትቀመጣለች እንጂ። እድሳት ግን አይከምርም፤ አዲሱ ካርድ ሲሰጥ አሮጌው ይመለሳል ወይም ዋጋ ያጣል፣ የሚነበበውም የመጨረሻው ቀን ብቻ ነው። ሃያኛው እድሳት የሃያ ዓመት ኑሮ ማስረጃ ሆኖ አይቆምም፣ የሚቀጥለው ጊዜ ፈቃድ ሆኖ ብቻ ይቆማል። ስለዚህ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚለየው በማጠሩ አይደለም፤ ያለፈውን ዘመን ለመደመር እምቢ በማለቱ ነው። ሰውየው በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል፤ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ልጆቹ አድገው፣ በወረቀቱ ላይ ግን ዛሬ እንደ ገባ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ከዚህ ጋር ተቃራኒ ከሆነ ሁኔታ ይመጣል። ዲቪ በሚባለው የአሜሪካ የዕጣ ቪዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በተመሠረተው መንገድ፣ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ከአውሮፕላን ወርዶ የመግቢያውን መስኮት ባለፈባት ሰዓት ቋሚ ነዋሪ ይሆናል። በዚያች አገር ቁርስ አልበላም፣ ጎረቤት የለውም፣ የአውቶቡሱን መሥመር አያውቅም፤ ሕጉ ግን ቋሚ ብሎታል። በካርቲየ 6 ደግሞ የመንገዱን ጉድጓድ በጨለማ የምታውቅ፣ የአከራይዋን ልጆች ያሳደገች፣ ሶማልኛን ከነቀልዱ የምትናገር ሴት ጊዜያዊ ናት፤ ወይም ካርድ ከሌላት እንደሌለች ትቆጠራለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ኑሮ ለቋሚነት በቂ አለመሆኑ ይታያል፤ አስፈላጊም አለመሆኑ ይታያል። ይህን ማየት ደስ አያሰኝም፤ ምክንያቱም የሰው ልብ ኖሮ ማፍራትን ከማግኘት ሁሉ የበለጠ የተገባ አድርጎ ይቆጥራልና። ዕጣ የሰጠው ቋሚነት ሐሰት ነው ለማለት ግን አይቻልም፤ እንደ ማንኛውም ቋሚነት ይሠራል። እንግዲህ የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ መፈለግ ይቀራል።

የሚሠራው ነገር ምክንያት ነው፤ በትክክል ለመናገር የምክንያት አለመጠየቅ ነው። የሥራ ቪዛ ሁልጊዜ ለአንድ ጥያቄ መልስ ሆኖ ይጻፋል፦ ይህ ሰው እዚህ ምን ሊያደርግ ነው? መልሱ የአሠሪ ስም፣ የሥራ ዓይነትና የጊዜ ልክ ነው። በዚህ አጻጻፍ ምክንያቱ ይቀድማል፣ ሰውየው ይከተላል፤ ሰውየው የምክንያቱ ጥላ ነው ቢባልም አይበዛም። አሠሪው ቢሞት፣ ድርጅቱ ቢዘጋ፣ ሠራተኛዋ ታማ ጀርባዋ ባልዲ ማንሣት ቢያቅተው፣ የወደቀው ምክንያቱ ነው፤ ሰውየው ግን በእግሩ ቆሞ ሳለ አብሮ እንደወደቀ ይቆጠራል። በላስቲክ ተሸፍና፣ ዳሯ ተልጦ፣ በመሐረብ ተጠቅልላ በደረት የምትያዘው ካርድ ይህን ሁሉ በአንዲት ገጽ ላይ ትናገራለች፤ ፎቶውን ያህል አሠሪውም የካርዷ አካል ነው። ቋሚ ፈቃድ ግን ይህን ጥያቄ የሚያቆም ወረቀት ነው። የያዘው ሰው ሥራ ቢፈታም፣ ቢያረጅም፣ ምንም ሳያደርግ በረንዳ ላይ ቢቀመጥም ይኖራል፤ ለምን ትኖራለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ከጊዜያዊ ወደ ቋሚ መሻገር ማለት የጊዜ መርዘም ሳይሆን የቅደም ተከተል መገልበጥ ነው፤ ሰውየው ቀድሞ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ትርጉም የእድሳትንም እንቆቅልሽ ይፈታል፤ እያንዳንዱ እድሳት ያለፈውን የሚሰርዘው ጥያቄውን እንደገና ከመጀመሪያው ስለሚጠይቅ ነው። በአገር ውስጥ እንኳ ሰዎች በተወለዱበትና ባረጁበት ቀበሌ ለምን እዚህ ትኖራላችሁ ተብለው የተፈናቀሉበትን ዘመን ያየ አንባቢ፣ ያልተጠየቀ ኑሮ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለመረዳት ድንበር መሻገር አያስፈልገውም።

የዚህ ሁኔታ ጥንታዊ ምሳሌ በአቴና ይገኛል። በዚያች ከተማ ሜቲክ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከሌላ ቦታ መጥተው የተቀመጡ፣ የሚነግዱና የሚሠሩ፣ በጦርነትም የሚዘምቱ፣ ነገር ግን መሬት መያዝ የማይችሉ፣ በየዓመቱ የነዋሪነት ግብር የሚከፍሉና ከዜጎች አንዱን ዋስ አድርገው የሚያስመዘግቡ ነዋሪዎች ነበሩ። ሳዑዲ ዓረቢያን ወይም ቤሩትን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በዚህ ዋስ ውስጥ ከፊሉን፣ ማለትም ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት የሚንጠለጠልበትን አሠሪ፣ ወዲያውኑ ይለየዋል። አርስቶትል ከስታጊራ የመጣ በመሆኑ ራሱ ሜቲክ ነበር። ይህ ሰው ዜጋ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ በፖለቲካ መጽሐፉ ሲመረምር፣ በአንድ ቦታ መኖር ሰውን ዜጋ አያደርገውም፣ ሜቲኮችና ባሮችም በዚያው ይኖራሉና የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ዓመታት ያስተማረባትን ከተማ በተመለከተ ስለ ራሱ የተናገረ ያህል ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 በመቄዶንያ ላይ ጥላቻ ሲነሣ ከተማዋን ጥሎ መውጣቱም የሐሳቡን እውነትነት በኑሮው አረጋገጠ። ይሁን እንጂ የአርስቶትል ሐሳብ ለዜግነት ልክ ቢሆን እንኳ ለቋሚ ነዋሪነት ልክ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ዜግነት አገርን አብሮ መግዛት ነው፤ ነዋሪነት ግን ሳይባረሩ ማርጀት ነው። ከተማን ለመምራት መኖር ላይበቃ ይችላል፤ በከተማ ውስጥ ለመቅረት ግን ከመኖር የተሻለ ማስረጃ ምን ሊቀርብ ይችላል?

ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት የመጎብኘት መብትን ከእንግድነት መብት ይለያል። የመጀመሪያው ማንም ሰው በሰው አገር ሲደርስ እንደ ጠላት አለመቆጠሩ ሲሆን ምድር የሁሉ በመሆኗ ለሁሉም የሚገባ ነው፤ ሁለተኛው ግን እንደ ቤተሰብ ተቀብሎ ለተወሰነ ጊዜ ማኖር በመሆኑ ልዩ ስምምነት ይጠይቃል። ክፍፍሉ ብልህነት አለው፤ ነገር ግን የካርቲየ 6ን ሠራተኛ በየትኛው ወገን እንደሚመድባት ግልጽ አይደለም። ጎብኚ አይደለችም፤ ለማየት አልመጣችምና። እንግዳም አይደለችም፤ በኢትዮጵያ ባህል እንግዳ እግሩ የሚታጠብለት፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆረስለት ነው፤ እርሷ ግን የሌላውን እግር ውኃ የምታሞቅና ከሁሉ በኋላ የምትበላ ናት። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1973 ከቱርክና ከሌሎች አገሮች ያስመጧቸውን ሰዎች እንግዳ ሠራተኛ ማለታቸው በዚህ ረገድ እርስ በርሱ የሚጋጭ አባባል ነበር፤ እንግዳ ከሆነ አይሠራም፣ ከሠራ እንግዳ አይደለም። የቤቱን ሥራ የያዘ ሰው የቤቱ አካል ነው፤ አካልነቱን መካድ የሚቻለው በወረቀት ብቻ ነው። ከዚያም የባሰ ነገር ተከተለ። በ1973 ጀርመን ምልመላውን ባቆመች ጊዜ ከወጡ መመለስ እንደማይቻል የተረዱት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከመሄድ ይልቅ ቤተሰባቸውን አስመጥተው ቀሩ። በር መዘጋቱ የመጣውን እንዳይመጣ ሊያደርግ ቢያስብም የነበረውን እንዳይሄድ አደረገው። በጅቡቲም እንደዚሁ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው አንዴ ከወጣ ለመመለስ እንደገና ወጪና ፍርሃት ስለሚጠብቀው የእናቱን ለቅሶ እንኳ ሳይደርስ ይቀራል። ጥብቅ ጊዜያዊነት በራሱ እጅ ቋሚነትን ይፈጥራል።

እስካሁን ጊዜያዊነት ከውጭ የሚጫን ነገር ሆኖ ታየ፤ ከሠራተኛው ልብ የሚወጣ ጊዜያዊነት ግን አለ፤ እርሱን አለመመርመር ሐሰት ይሆናል። በሰው አገር ያለ ሰው የሚናገራት አንዲት አረፍተ ነገር አለች፦ ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እገባለሁ። ይህች አረፍተ ነገር አልጋ አይገዛ፣ ፍራሽ ይብቃ ትላለች፤ ግድግዳው ላይ ምስማር አይመታ ትላለች፤ ገንዘቡ በድሬዳዋ ወይም በኮምቦልቻ ለሚሠራው ቤት ይላክ ትላለች። ቤቱ ክዳን ይለብሳል፣ በር ይገጠምለታል፣ ባለቤቱ ግን በየዓመቱ ለከርሞ እያለ በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ የሐምሌን ወበቅና ካምሲን የሚሉትን የጋለ ነፋስ ያሳልፋል። ይህ ሰው ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ በተናገረው ጊዜ ሁሉ ከልቡ ተናግሯልና። እንግዲህ ይህን ሰው ቋሚ ነዋሪ ማድረግ የማይፈልገውን መጫን ይሆን? የአሜሪካ ሕግ ይህን ችግር ከሌላ አቅጣጫ ገጥሞታል። አብዛኛው የጊዜያዊ ቪዛ ጠያቂ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ቆንስሉን ማሳመን አለበት፤ ለባለሙያ ሠራተኞች የሚሰጠው ኤች-1ቢ የሚባለው ቪዛ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ሁለት ሐሳብ መያዝን ይፈቅዳል፤ ማለትም አንድ ሰው ጊዜያዊ ሆኖ እየገባ ቋሚ ለመሆን መመኘቱ እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም። ሕግ የሰውን ልብ ሁለት መሆኑን አምኖ የተቀበለበት ቦታ በመሆኑ ይህ ድንጋጌ ከብዙ ትልልቅ ንግግሮች የበለጠ ጥበብ አለው። ነገር ግን ሁለት ልብ የተፈቀደው ለመሐንዲሱና ለኮምፒዩተር ባለሙያው ነው፤ ለልብስ አጣቢዋና ለጫኚው አይደለም፤ ልባቸው ከመሐንዲሱ ልብ በምን እንደሚለይ የሚያስረዳ ሕግም የለም።

የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ቋሚ ፈቃድ ለምን ያስፈልገዋል የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ለከርሞ እገባለሁ ማለት የሚቻለው መግባትም መቅረትም በራስ እጅ ሲሆን ነው፤ መባረር የሚችል ሰው አገር ቤት ቢመለስ እንኳ ተመለሰ አይባልም፣ ተመለሰ የሚባለው መቅረት ይችል የነበረ ሰው ነው። ቋሚ ፈቃድ ሰውን በሰው አገር ላይ አይቸነክረውም፤ መሄዱን የራሱ ያደርግለታል። በእርግጥ በተግባር ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ውጭ ቢከርም ነዋሪነቱን ሊያጣ ይችላል፣ ስለዚህ በነጻ እንዲቀመጥ የፈቀደለት ወረቀት በነጻ እንዳይርቅ ይይዘዋል። ከዜግነት ጋር ሲነጻጸር ግን ቋሚ ነዋሪነት ለኢትዮጵያዊ ልዩ ጠቀሜታ አለው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ ቋሚ ነዋሪነት ግን ይህን አይጠይቅም። ሰው የማይባረርበትን ቤት አግኝቶ የተወለደበትን ስም ሳይጥል የሚኖርበት መካከለኛ ቦታ ነው። መካከለኛ ቦታ በፍልስፍና መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት ይታያል፤ ለስደተኛ ግን ሙሉ መቀመጫ ነው።

የጅቡቲንም ወገን በእኩል ክብደት መስማት ይገባል፤ አለዚያ ሐተታው ክስ ይሆናል። አገሪቱ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት ኢትዮጵያ ጎን የቆመች፣ ዝናብና እርሻ የተነፈጋት አገር ናት፤ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ የሚሻገረው ስደተኛም በየዓመቱ በኦቦክ በኩል በምድሯ ያልፋል። ያለ ገደብ እቀበላለሁ ብትል ማን እንደሆነች ልትረሳ ትችላለች የሚለው ፍርሃት መሠረት የሌለው ፍርሃት አይደለም። ነገር ግን ይህችው ከተማ ነዋሪ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ በራሷ ሕዝብ ላይ ሲጠየቅ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1966 የፈረንሳይ አስተዳደር በጅቡቲ ከተማ ዙሪያ ባራዥ የተባለውን የሽቦ አጥር ዘረጋ፤ ወረቀት የሌለው ሰው፣ አባቶቹ በዚያው በረሃ ግመል ያረቡ ቢሆኑም፣ ከአጥሩ ውጭ ቀረ፤ ባልባላ የምትባለው ታላቅ ሰፈርም ከአጥሩ ማዶ አደገች። ነጻነት ከተገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 የጅቡቲ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ዜጎች በሙሉ እስከ ኦገስት 31 እንዲወጡ አዝዞ ቀነ ገደቡን እስከ ሴፕቴምበር 15 ሲያራዝም፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች፣ በባቡርና በጭነት መኪና ወጡ። ከዚያ ወዲህም አፈሳ በየጊዜው ይመላለሳል። አፈሳ የሚይዘው በትናንትናው ዕለት የገባውንና ሃያ ዓመት የኖረውን በአንድ መኪና ነው፤ የጊዜያዊነት ሎጂክ እስከ መጨረሻው ሲሄድ የሚደርስበት ቦታም ይኸው ነው፣ ጊዜ ፈጽሞ የማይቆጠርበት ቦታ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስም ሎጂኩ ያው ነበር።

በካርቲየ 6 ውስጥ ወረቀት ብቸኛው የመኖሪያ መብት ምንጭ አለመሆኑንም መካድ አይቻልም። ከሶማሌ ክልል የመጣ የኢሳ ጎሣ ሰው ወይም ከአፋር ክልል የመጣ አፋር ዘመድ አለው፤ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ማን ነህ ሲባል በአባቶቹ ስም ይመልሳል፣ ብዙ ጊዜም መልሱ ይበቃል። ከወሎ፣ ከሸዋ ወይም ከጎጃም የመጣ አማርኛ ተናጋሪ ግን የአባቶቹ ስም በዚያ ሰፈር ለማንም ምንም አይናገርም። ሁለቱም በኢትዮጵያ ፓስፖርት እኩል የውጭ ዜጎች ናቸው፤ በኑሮ ግን አንዱ በደም ቋሚ፣ ሌላው በሁሉም ጊዜያዊ ነው። የጎሣ ቋሚነት ጥንታዊና ሞቃት ነው፤ ካርድ አያሳድስም፣ ቀን አይቆርጥም። ጉድለቱ ግን በጎሣው ውስጥ ላልተወለደ ሰው በር የሌለው መሆኑ ነው። የወረቀት ቋሚነት ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን ዘመድ ለሌለው ሰው ሊሰጥ የሚችል ብቸኛው ቋሚነት ነው፤ ለዚህም ነው ሕግ ከዝምድና ቀጥሎ ሰው ካፈራቸው በጎ ነገሮች አንዱ የሚሆነው። ወረቀትን የሚንቅ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ያለው ነው።

በሁለቱ አገሮች መካከል የሚሻገሩትን ነገሮች የመረመረ ሰው ደግሞ ሌላ ቅራኔ ያጋጥመዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ በሶማሌ ክልል ከሀዳጋላ የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ በ30 ዓመት ስምምነት ድንበር ይሻገራል፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ ያልፋል፤ ጫቱ በየቀኑ ይደርሳል። ውኃው ለምን መጣህ የሚባልበት ዘመን በአንድ ትውልድ ልክ ተሰፍሮ ተዘግቷል፤ ያንኑ ውኃ ቀድታ ወለል የምታጥበው ሴት ግን ጥያቄው በየካርዱ ይጠብቃታል። መንግሥታት ስለ ውኃ የሚዋዋሉት ረጅም እምነት ከሌለ ቧንቧ መቅበር ስለማይቻል ነው። ልጅ ማሳደግ፣ ሕመምተኛ ማስታመም፣ ወደብን የሚያህል ሥራ በትከሻ መሸከም ከቧንቧ ያነሰ እምነት ይጠይቃል ብሎ የሚያምን ሰው ያለ አይመስልም፤ ሰዎቹ ግን ያለ ውል ለረጅም ዘመን ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የጅቡቲ የዜግነት ሕግ ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ያለማቋረጥ በአገሪቱ መኖርን ከመስፈርቶቹ አንዱ ያደርጋል። ይህ ማለት ዓመታት መደመር እንደሚችሉ፣ መደመራቸውም ሰውን ወደ ውስጥ እንደሚያቀርበው ሕጉ ራሱ ያምናል ማለት ነው። የሚጎድለው ድምሩን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ በሰው ቤት ያለ ጽሑፍ ውል የኖረች ሴት፣ በተለወጡ አሠሪዎችና በተመለሱ ካርዶች መካከል ዓመታቷን የምታሳይበት ወረቀት የላትም፤ ያለ ወረቀት የኖረቻቸው ዓመታትማ እንደ ጥፋት እንጂ እንደ ኑሮ አይቆጠሩላትም። በኢጋድ አባል አገሮች መካከል ሰዎች በነጻነት እንዲንቀሳቀሱ፣ እንዲሠሩና እንዲቀመጡ የሚፈቅደው ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2020 በካርቱም በሚኒስትሮች ደረጃ ድጋፍ አግኝቷል፤ የድርጅቱ ጽሕፈት ቤት የሚገኘውም በዚያችው በጅቡቲ ከተማ ነው። ኢትዮጵያና ጅቡቲ ፕሮቶኮሉን በሥራ ላይ ሊያውሉት፣ የመኖሪያ መብትን የሚመለከተውንም ክፍል ለመጨረሻ ሳያቆዩ ከረጅም ጊዜ ነዋሪዎች ሊጀምሩ ይገባል። እስከዚያው ድረስ ግን የኢትዮጵያ ኤምባሲና የኮሚኒቲው ማኅበር ማንንም ሳይጠብቁ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ፤ በካርቲየ 6ም ሆነ በሌሎቹ ካርቲየዎች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ መቼ እንደገባ፣ ለማን እንደሠራ፣ የት እንደኖረ በምስክር የሚመዘገብበት መዝገብ ይክፈቱ፤ የተመዘገበውም ሰው የዓመታቱን ማስረጃ በእጁ ይያዝ።